የኢቫን ኢሊች ሚስት እኔ ነበርኩ

አባዬ መታመም የጀመረው በጥቅምት ነው። መጀመሪያ ጨጓራ ነው አልን። ተልባ ጠጣ፣ ወተት ጠጣ፣ በርበሬ ተወ። ሱሪው እየሰፋው ሲመጣ ቀበቶው ላይ በቢላዋ ጫፍ አዲስ ቀዳዳ በሳ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጨመረ። ሦስተኛውን የበሳሁለት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሐኪሙ እኔን ብቻ ለይቶ ጠራኝ። ኮሪደር ላይ ቆመን ነገረኝ። ቆሽቱ ላይ ነው፣ ወደ ጉበቱ ተሰራጭቷል፣ ቀዶ ሕክምና አይሆንም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለእሳቸው ባትነግሯቸው ይሻላል፣ ተስፋ ይቆርጣሉ" አለኝ። እሺ አልኩ። ማታ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደወለ። "በምንም ተአምር አባዬ እንዳይሰማ" አለ። አክስቴም ያንኑ አለች። በአንድ ቀን ውስጥ ሁላችንም አንድ ውሸት ላይ ተስማማን። የበሽታውን ስም የሚጠራ ሰው ከቤታችን ጠፋ። "ያ በሽታ" እያልን በሹክሹክታ እናወራለን፤ አባዬ ሲነቃ ስለ አየሩ እናወራለን።

ይህን የምጽፈው አሁን በሽተኛ አልጋ አጠገብ ለተቀመጣችሁ ነው። እኔን የረዳኝ ምክር አይደለም። ምክር በሽ በሽ ነበር። የረዳኝ አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ለሚሉ ሰዎች ድሮ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ።

መጽሐፉን የገዛሁት ከዓመታት በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መንገድ ዳር ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ነው። የሊዮ ቶልስቶይ "የኢቫን ኢሊች ሞት"፣ በእንግሊዝኛ ትርጉም። እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ ሥራ ነው። ከ100 ገጽ አያልፍም። ቀጭን ስለሆነ ነው የገዛሁት፣ እውነቱን ልናገር። መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ከረመ። ሆስፒታል ለማደር ቦርሳዬን ሳዘጋጅ እጄ የገባው እሱ ሆነ። ርዕሱን አይቼ ልመልሰው ነበር። አልመለስኩትም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ በዕረፍት ሰዓት ዳኞችና ባለሥልጣናት ተሰብስበው ያወራሉ። አንደኛው ጋዜጣ እያነበበ "ኢቫን ኢሊች እኮ ሞተ" ይላል። ሁሉም መጀመሪያ የሚያስቡት የእሱ ቦታ ለማን እንደሚሰጥ ነው። ቀጥሎ የሚያስቡት ደግሞ "የሞተው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም" የሚል ነው። የቅርብ ጓደኛው ፒዮትር ኢቫኖቪች ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል። እዚያ ቆሞ ግን ልቡ ማታ ከሚጫወተው ካርታ ላይ ነው።

እዚህ ድረስ ሳነብ "ወይ ሰው!" እያልኩ ነበር። ሩቅ አገር ስላለ ክፉ ሰው የማነብ መስሎኛል።

ስለ ስሞቹ ትንሽ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሩሲያን መጽሐፍ በስሞቹ ምክንያት ነው የሚተወው። ኢሊች የቤተሰብ ስም አይደለም። "የኢሊያ ልጅ" ማለት ነው። ልክ እንደኛ ሰውን በራሱና በአባቱ ስም መጥራት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ስሞቹ አላስቸገሩኝም። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ በእርሳስ ማን የማን እንደሆነ ጻፍኩ፣ በቃ።

ኢቫን ኢሊች መጥፎ ሰው አይደለም። ጎበዝ ዳኛ ነው። ደመወዙ አድጓል፣ አዲስ ቤት ተከራይቷል፣ ቤቱን ራሱ ያስውባል። አንድ ቀን መጋረጃው እንዴት እንደሚሰቀል ለሠራተኛው ሊያሳይ መሰላል ላይ ወጥቶ ይንሸራተትና ጎኑን ይመታል። ትንሽ ያመዋል፣ ይረሳዋል። ከዚያ አፉ ይመረዋል። ጎኑ ይከብደዋል። በ45 ዓመቱ ይሞታል። ቶልስቶይ ስለዚህ ሰው ሕይወት ሲናገር እጅግ ቀላልና እጅግ የተለመደ፣ ስለዚህም እጅግ አስፈሪ ነበር ይላል። ይህን አረፍተ ነገር ሁለቴ አነበብኩት። አባዬ አጠገቤ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ወደ ሐኪም የሚሄድበትን ቦታ ላሳያችሁ። ኢቫን ኢሊች ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕመሜ የሚያሰጋ ነው ወይስ አይደለም? ሐኪሙ ግን ስለ ኩላሊትና ስለ ትርፍ አንጀት ይዘረዝርለታል። ኢቫን ኢሊች የሐኪሙን አኳኋን ያውቀዋል። እሱ ራሱ በችሎት ወንበር ተቀምጦ ተከሳሾችን የሚያይበት አኳኋን ነው። ያ ቁጥብ ፊት፣ ያ "ሥራችንን እናውቃለን፣ አንተ ዝም በል" የሚል ትሕትና። ለዓመታት ሲያደርገው የኖረው ነገር ዞሮ ራሱን ያገኘዋል። ቶልስቶይ እዚህ ላይ አይሰብክም። ሁለቱን ሰዎች ፊት ለፊት ያስቀምጣል፣ ያልፋል።

ከዚያ ሚስቱ መጣች። ፕራስኮቪያ ፊዮዶሮቭና። ይህቺን ሴት ጠላኋት። ባሏ መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለማይወስድ ነው የማይሻለው ትላለች። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ለእኛም ሌላ ጣጣ ነው ትላለች። ከሞተ በኋላ ደግሞ ለፒዮትር ኢቫኖቪች ስትነግረው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያለማቋረጥ እንደጮኸ ትናገርና "እኔ ምን ያህል እንደተሰቃየሁ!" ትላለች። የሞተው እሱ ነው። ስለ ራሷ ስቃይ የምታወራው እሷ ናት። ቀጥላም ከመንግሥት የምታገኘው ጡረታ ከፍ የሚልበት መንገድ ካለ ትጠይቀዋለች።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ውኃ ልጠጣ ወጣሁ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር የነቃሁት። በዚያው ቀን ጠዋት አባዬን ተቆጥቼው ነበር። "ኪኒኑን በሰዓቱ ስለማትውጥ ነው እኮ!" ብዬ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው በር ላይ ቆሜ ለጓደኛዬ በስልክ "ደክሞኛል፣ እንቅልፍ ካየሁ ስንት ቀኔ፣ እኔ እኮ አልቻልኩም" እያልኩ አለቀስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወደ ውስጥ ስገባ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነበር።

ላብ አጠመቀኝ። ያቺ የጠላኋት ሴት እኔ ነኝ።

ስለ ታላላቅ መጻሕፍት ብዙ ተብሏል። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ድሮ ሳነብ ሁልጊዜ ራሴን ከተበደለው ጋር አቆም ነበር። ከጀግናው፣ ከሟቹ፣ ከአፍቃሪው ጋር። እዚያ መቆም ምቾት አለው። መጽሐፉ የሚነካን ግን የምንጠላው ሰው ውስጥ የራሳችንን ድምፅ ስንሰማ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ከልክ በላይ ካናደዳችሁ አትለፉት። ተመልሳችሁ የሚናገረውን ቃል በቃል አንብቡ። ያንን ቃል በቅርቡ የት ሰማችሁት? ከማን አፍ?

በሁለተኛው ሌሊት ምዕራፍ 7ን አነበብኩ። ጌራሲም እዚያ አለ። የገበሬ ልጅ ነው፣ የቤቱ አገልጋይ። ወጣት፣ ንጹሕ፣ ጤነኛ። የበሽተኛውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነው። ኢቫን ኢሊች አፍሮ ይቅርታ ሲጠይቀው፣ ጌራሲም አይጸየፍም፣ አያካብድምም። ከዚያ ኢቫን ኢሊች እግሮቹ ከፍ ሲሉለት ሕመሙ ቀለል እንደሚለው ያውቃል። ጌራሲም ጌታው ጎን ተቀምጦ እግሮቹን ትከሻው ላይ ያደርጋል። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ይቀመጣል። ሂድ ተኛ ሲባል "ሁላችንም እንሞታለን፣ ለምን ጥቂት አልደክምም?" ይላል። በቤቱ ውስጥ የማይዋሸው እሱ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ፣ ሚስቱ፣ ሴት ልጁ፣ ጓደኞቹ ሁሉ "ታመሃል እንጂ አትሞትም" እያሉ ያስመስላሉ። ኢቫን ኢሊችን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሰቃየው ይህ ውሸት ነው። እንደ ታመመ ሕፃን እንዲያዝኑለት፣ እንዲያባብሉት ይመኛል። ትልቅ ሰው ነውና አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። የአባዬ እግር ቀዝቅዟል። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰርጉዶ ምልክት ትቷል። ካልሲውን አወለቅኩና እግሮቹን ጭኔ ላይ አድርጌ በቫዝሊን ማሸት ጀመርኩ። በሕይወቴ የአባቴን እግር ነክቼ አላውቅም ነበር። ተረከዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ትንሽ ቆይቶ ነቃ። ምንም አላለም። ከዚያ "እንዲሁ ይሁን" አለ። እስኪነጋ እንዲሁ ሆነ።

እውነቱን ልንገረው ስል ቤተሰቡ ተነሳብኝ። አክስቴ "አብደሻል? በቁሙ ልትገድይው ነው?" አለችኝ። ያኔ ትዝ ያለኝ ጉዱ ካሳ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ያላነበበ ቢያንስ ሰምቶታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አባዬ አንድም ክፍል አላመለጠውም። ካሳ ዳምጤ ያየውን ስለሚናገር ዘመዶቹ "ጉዱ" ብለው አወጡለት። የሚናገረው ጠፍቷቸው አይደለም። ሁሉም ያውቁታል። ያበደ የሚባለው ጮክ ብሎ የተናገረው ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህ ገጸ ባሕርይ ያስቀኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ከሁሉም ይልቅ ብቸኛ ሰው ሆኖ ታየኝ።

ለሁሉም በሽተኛ ሁሉ ነገር ይነገር አልልም። የማይፈልግ አለ፣ ይህንንም ማክበር ግድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠየቅኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻችንን ሆነን፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ። "አባዬ፣ ሐኪሙ የነገረኝ ነገር አለ። ማወቅ ትፈልጋለህ ወይስ እኔ ጋ ይቆይ?" አልኩት።

ለረጅም ጊዜ አየኝ።

"ያ በሽታ ነው?"

"አዎ።"

"የት ላይ?"

"ቆሽት ላይ። ጉበትህም ጋ ደርሷል።"

አልጮኸም፣ አላለቀሰም። የጋቢውን ጥለት በጣቶቹ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያሸው ነበር። "ስንት ጊዜ ነው ታዲያ ብቻሽን የያዝሽው?" አለኝ። ሁለት ወር አልኩት። "አይ ልጄ" አለ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አለ። "ስልኬን አቀብይኝ። ደብረ ብርሃን ልደውል።"

ደብረ ብርሃን ታናሽ ወንድሙ አለ። በውርስ ቦታ ተጣልተው 11 ዓመት አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባዬ "ታላቁ እኔ ነኝ፣ እግሬ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው" ብሎ መለሳቸው። በቤታችን ለዚህ ነገር ስም አውጥተንለት ነበር፤ "ፊታውራሪ መሸሻ" እንለዋለን፣ እሱም ይስቃል። ፊታውራሪ መሸሻን ሁሉም በጭካኔው ነው የሚያስታውሰው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደገና ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። ሰውዬው የገዛ ክብሩ እስረኛ ነው። ለልጁ ለሰብለ ወንጌል ዘሯን የሚመጥን ባል አጣ፣ የልጅቱ ዕድሜ እየነጎደ ሄደ። ባላገሮቹ ከደንብ ውጭ የተጠየቁትን እምቢ ሲሉ ሊወጋቸው ዘመተ፣ ራሱ እጃቸው ላይ ወደቀ። ይወዳታል ልጁን። ግን ወደ ታች አንድ እርምጃ መውረድ አይችልም። እንዲህ ያለ ሰው በየቤታችን አለ። በየቤታችን ስላለም ነው ሐዲስ የጻፉት ፊታውራሪ እስከ ዛሬ ያልሞተው።

አባዬ ወረደ። ራሱ ደወለ። "እኔ ነኝ" አለ፣ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልተናገረም፤ ወዲያ ማዶም ዝም ነበር። "ና" አለ። አጎቴ በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ነበር፣ አንድ ጠርሙስ ማር ይዞ። ስለ መሬቱ አንድም ቃል አልተነሳም። ስለ አያቴ በቅሎ ነበር የሚያወሩት። ውሸቱን ብንቀጥል ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ያስፈራኛል።

የመጽሐፉን መጨረሻ ያነበብኩት መጋቢት ላይ ነው። ከመሞቱ ሁለት ሰዓት በፊት የኢቫን ኢሊች ትንሽ ልጅ፣ ተማሪው፣ ቀስ ብሎ ይገባል። በሽተኛው እየጮኸ እጁን ሲያወራጭ እጁ የልጁ ራስ ላይ ያርፋል። ልጁ ይዞ ይስመዋል፣ ያለቅሳል። ያኔ ኢቫን ኢሊች ለመጀመሪያ ጊዜ ለእነሱ ያዝናል። ለልጁም ለሚስቱም። "ይቅር በሉ" ሊል ፈልጎ ምላሱ ተሳስቶ "አሳልፉ" ይላል። በሩሲያኛ ሁለቱ ቃላት በጣም ይቀራረባሉ። ለማረም አቅም የለውም። መረዳት ያለበት ይረዳዋል ብሎ ይተወዋል። ያቺን የተሳሳተች ቃል ያስገባ ደራሲ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ያውቃል ብዬ አመንኩ። አባዬም በመጨረሻዎቹ ቀናት ቃላት ይምታቱበት ነበር። አንድ ማታ "ውኃውን አስረክቢው" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩት።

በሚያዝያ አረፈ። እቤት፣ አጎቴ እጁን ይዞት።

ለቅሶ ላይ አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነበር። እድርተኛው ድንኳን ከተከለ ጀምሮ የሚመጣው ሁሉ "እንዴት ሆኖ ነው?" ይላል። አጎቴ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደተነፈሰ። ሌላ ሰው ይመጣል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬን መድፈን አማረኝ። ያኔ የአንቶን ቼኾቭን ኢዮና አስታወስኩ። ኢዮና ያለበት ታሪክም እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ አጭር ልብ ወለድ ነው፣ ጥቂት ገጽ ብቻ። ኢዮና በፒተርስበርግ ከተማ በረዶ ላይ በፈረስ ሰው የሚያመላልስ ሽማግሌ ነው። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። ለተሳፋሪው መኮንን ሊነግር ይሞክራል፣ አይሰማውም። ለሦስት ሰካራም ወጣቶች ሊነግር ይሞክራል፣ ይሰድቡታል። ለዘበኛው፣ ለሥራ ባልደረባው ይሞክራል። ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ ሲሞት ምን እንዳለ፣ ቀብሩ እንዴት እንደነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያወራ ይፈልጋል። የሚሰማው ሰው ያጣል። በመጨረሻ በረት ገብቶ ለፈረሱ ይነግራል።

ኢዮና ያጣው ይህን ድንኳን ነው። ለቅሶ ደራሽ ነው ያጣው። ከዚያ በኋላ አጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተናገረው አልቆጠርኩም። በተናገረ ቁጥር ግን አንድ ትንሽ ነገር ይጨምር ነበር፤ መጀመሪያ ቀን ያልነበረች ነገር። ሠልስት ላይ ስለ 11 ዓመቱ ጠቡ ራሱ ተናገረ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

ባለፈው ወር እናቷ የታመመችባት ጓደኛዬ እቤት መጣች። ምን እንዳደርግ ምከሪኝ አለችኝ። መጽሐፉን ሰጠኋት። "ከደከመሽ ከምዕራፍ 7 ጀምሪ፣ ጌራሲምን አንብቢ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል" አልኳት። በሳምንቱ መልሳ አመጣችው። አንድ ገጽ ጥጉ ላይ ታጥፏል። ጌራሲም ጋ ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። የታጠፈው ሚስቱ ጋ ነበር።